ስለ ኮረኮንቹ፣ ስለ ሞተሩ፣ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ፎቶዎቹን ከለጠፍኩ ጀምሮ ኢንቦክሴ ሰላም አጥቷል። ግማሹ "ቲቸር፣ እውነት እርስዎ ነዎት?" ይላል። ግማሹ "በልጅነትሽ ያላደረግሽውን አሁን ምን ነካሽ?" ይላል። አንዱ ደግሞ (ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል፣ 10ኛ ሲ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጠው) ፎቶው በኤአይ የተሠራ ነው ብሎ ኮሜንት ላይ ከሰው ጋር ሲከራከር አመሸ። አይደለም። እኔው ነኝ። 52 ዓመቴ ነው፣ ግራ ጉልበቴን ያመኛል፣ ሞተሩም የራሴ ነው፣ ብድሩን ጨርሻለሁ።

ለእያንዳንዳችሁ መልስ ልጻፍ ብል አልችልም፤ የምሠራው የሌሊት ፈረቃ ነው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ረዘም ይላል። ቡና አፍልታችሁ አንብቡት፤ ጊዜ ከሌላችሁ ላይክ አድርጋችሁ እለፉ፣ አልቀየምም።

በመጀመሪያ ስለ ሰዎቹ። ቡድናችን ስም የለውም፣ ማሊያም የለውም፣ ዋትስአፕ ላይ ብቻ ነው ያለው። ሰባት ሴቶች ነን። መሪያችን 67 ዓመቷ ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች አሜሪካዊት ናት። ስልሳ ልጅ ከኋላ እየጮኸ በበረዶ መንገድ የነዳ ሰው ምንም ነገር አያስደነግጠውም። አንዷ በያጅ ሜክሲኳዊት ናት። ሁለቱ እህትማማቾች ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ እየተጨቃጨቁ የሚነዱ። አንዷ የከረን ልጅ ናት፣ ሱቅ አላት፣ እኔን "ሓፍተይ" ነው የምትለኝ። አንዷ የደሴ ልጅ፣ ነርስ፣ ከሁላችንም ታናሽ። ሰባተኛዋ እኔ።

"አድቬንቸር ሞተር ምንድነው?" ላላችሁኝ፦ አስፋልትም ፒስታም የሚሄድ ሞተር ነው። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ሞላው ረጅም፣ የፊት ጎማው ትልቅ፣ ሻንጣ የሚሸከም። የእኔው ሮያል ኤንፊልድ ሂማሊያን ነው፣ ሕንድ አገር የተሠራ፣ 411 ሲሲ፣ ነዳጅ ሲሞላ 199 ኪሎ። ፈረሱ ከ25 አይበልጥም። ይሄን ስነግራቸው የሚስቁብኝ ወንዶች አሉ። ይሳቁ። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ሥር የምትቆመውን ያማሃ ታስታውሳላችሁ አይደል? የእሷ ታላቅ እህት በሏት፣ ነገሩ ያው ነው።

የሄድነው መስከረም 8 ቀን 2018፣ ሐሙስ ዕለት ነው። ሐሙስ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ሰሞን ኮሎራዶ ተራራ ላይ አስፐን የሚባለው ዛፍ ቅጠሉ ወርቅ ይሆናል። ቅዳሜና እሁድ የዴንቨር ሰው ሁሉ መኪናውን ይዞ ስለሚወጣ ፒስታው አቧራ ብቻ ነው። ለእኛ ደግሞ የአደይ ሰሞን ነው። እዚህ ቢጫው ከዛፍ ላይ እንጂ ከመሬት አይደለም፣ ግን በመስከረም ቢጫ ማየት ለሀበሻ ዓይን ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አውሮራ አንድ ነዳጅ ማደያ ተገናኘን። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። መሪያችን ሁልጊዜ የምትለውን አለች። ከፊትሽ ያለችው አቧራ እስኪቀመጥ ርቀሽ ንጂ። መታጠፊያ ላይ ከኋላሽ ያለችውን ሳታዪ አትለፊ። ፍጥነቱን የምትወስነው ቀርፋፋዋ ናት። በነገራችን ላይ የኮሎራዶ ሕግ ዐዋቂን ሰው ሄልሜት አድርግ ብሎ አያስገድድም፤ ከ18 ዓመት በታች ያለውን ብቻ ነው። የመሪያችን ሕግ ግን ያስገድዳል። ያለ ሄልሜት የመጣችን አንዲት እንግዳ አንዴ ከዚያው ማደያ መልሳታለች፣ በጨዋ ቋንቋ።

በ285 መንገድ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወጣን። ይሄ አስፋልት ነው፣ የሚያወራ የለውም። ኬኖሻ ፓስ ላይ 3,048 ሜትር ደረስን። ከዚያ ሳውዝ ፓርክ የሚባለው ሜዳ ከፊታችን ሲዘረጋ፣ ነርሷ በሄልሜቷ ማውሪያ "ቲቸር፣ ይሄ ደላንታ አይደለም እንዴ!" ብላ ጮኸች። የከረኗ ልጅ ወዲያው ቀጠለች፣ "ይሄማ የእኛው ደጋ ነው።" ለሁለት ደቂቃ ያህል የኮሎራዶ መሬት ተከፋፍለው ወሰዱት።

ኮሞ የምትባል ትንሽ መንደር ስንደርስ አስፋልቱ ቀረ። ስሟን ያወጡላት ጣሊያን ማዕድን ቆፋሪዎች ናቸው ይባላል፣ በአገራቸው ሐይቅ ስም። ጣሊያን የደረሰበት ሁሉ ስም ትቶ ይሄዳል፤ ለእኛም ፍሪሲዮንና ጎሚስታን ትቶልናል።

ከኮሞ ተነስቶ በቦሪያስ ፓስ በኩል ብሬከንሪጅ የሚወርደው ፒስታ ድሮ ባቡር ሐዲድ ነበር። በ1882 እንደ ፈረንጆች ነው የተሠራው፣ ለማዕድኑ ሲባል። ሐዲዱ ጠባብ ነው፣ ሦስት ጫማ፣ 91 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። የእኛ የለገሃሩ አንድ ሜትር ነበር፣ ስለዚህ በዚህ እንኳ እንበልጣቸዋለን። የመጨረሻው ባቡር በ1937 አለፈ፣ ሐዲዱ ተነቀለ፣ በ1952 የመኪና መንገድ ሆነ። ዳገቱ ለባቡሩ በጣም ከባድ ስለነበረ አንዴ የሰርከስ ባቡር ተራራው ላይ ቆሞ ቀርቶ ዝሆኖቹ ወርደው ገፉት የሚል ወሬ አላቸው። እውነት ይሁን ተረት፣ ወሬው ደስ ይላል። ለሞተር ግን ባቡር የሄደበት መንገድ ጥሩ ነው፤ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው።

ኮሞ ላይ ቆመን ጎማችንን ትንሽ አስተነፈስን። ለስለስ ያለ ጎማ ጠጠሩን ያቅፈዋል።

እንግዲህ የፊዚክስ ተማሪዎቼ፣ ደብተር አውጡ።

ደረቅ አስፋልት ላይ በጎማና በመንገድ መካከል ያለውን የሰበቃ መጠን 0.8 እንበል። ልቅ ጠጠር ላይ ደግሞ ወደ 0.4 ወርዷል እንበል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ፍሬን ብትይዙ፣ አስፋልቱ ላይ 8 ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ትቆማላችሁ፣ ጠጠሩ ላይ 16 ሜትር። በ60 ከሆነስ? አስፋልት ላይ 18፣ ጠጠር ላይ 35 ሜትር። (የፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚገባው፣ ስንቴ ነው የነገርኳችሁ!) ይሄ እንግዲህ ደንግጦ እጅን ፍሬን ላይ እስከማድረስ ያለውን ጊዜ ሳይጨምር ነው። ኮረኮንች ላይ ጉብዝና ማለት ፍጥነት አይደለም የሚባለው በዚህ ነው፤ ፍሬን የማያስፈልግበት ፍጥነት ላይ መሆን ነው።

ሌላው፣ መቆም። ፎቶው ላይ መርገጫው ላይ ቆሜ ስነዳ አይታችሁ "አክሮባት ነው እንዴ?" ያላችሁ አላችሁ። ብዙ ሞተረኛ "ስትቆሚ የክብደት ማዕከልሽ ዝቅ ይላል" ይላል። ስሕተት ነው፤ ሰው ሲቆም ማዕከሉ ከፍ ነው የሚለው። ጥቅሙ ሌላ ነው። ስትቀመጪ አንቺና ሞተሩ አንድ እንጨት ናችሁ፣ ሞተሩ ሲወዛወዝ አብረሽ ትወዛወዣለሽ። ስትቆሚ ጉልበትሽ ሞላ ይሆናል፤ ሞተሩ ከሥርሽ እንደፈለገ ይጨፍራል፣ ራስሽ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መንገዱ እንደ ሽንሽን ቀሚስ የተሸነሸነበት ቦታ አለ፣ መኪና የበዛበት ፒስታ ሁሉ የሚያወጣው። ሽንሽኑን የሚሠሩት ጎማዎቹ ራሳቸው ናቸው። እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ጥርሱ ይንገጫገጫል።

ሦስተኛው የሁሉም ከባዱ ነው። ጠጠር ላይ መሪው እጅሽ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ወዲያና ወዲህ ይላል። ደመ ነፍስ ጨምድደሽ ያዢው ይላል። አይደለም፣ ላላ አድርጎ መያዝ ነው። የሚሽከረከር ጎማ ራሱን ማቃናት ያውቃል፤ የሚጥለው የሰው ፍርሃት ነው። ዓይን ደግሞ ሩቅ። ድንጋዩን ካየሽ ድንጋዩ ላይ ነው የምትሄጂው። ይሄን በቀመር ላስረዳችሁ አልችልም፣ ግን እንደዚያ ነው።

ይሄን ሁሉ በ"አንቺ" የምጽፈው ያለ ነገር አይደለም። እየነዳሁም የማወራው ከአንዲት ተማሪዬ ጋር ነበር፣ በልቤ።

ሐዋሳ ሳስተምር 10ኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት። አሁን በደቡብ በአንድ ወረዳ የግብርና ባለሙያ ናት። ወረዳውን አልናገርም፣ እንድጽፍ ግን ፈቅዳልኛለች። ከአንድ ዓመት በፊት የለጠፍኩትን የሞተር ፎቶ አይታ በነሐሴ ጻፈችልኝ። የምትከታተላቸው ቀበሌዎች በሙሉ ኮረኮንች መንገድ ላይ ናቸው። ቢሮው ሞተር አለው። መንጃ ፈቃድ በራሷ ገንዘብ አውጥታለች፣ የሞተሩን። ቁልፉን ግን አይሰጧትም። "ሴት ልጅ ነሽ፣ ብትወድቂ ማን ይጠየቃል?" ነው መልሱ። ስለዚህ ወንድ የሥራ ባልደረባዋ ሲመቸው ያፈናጥጣታል፤ ሳይመቸው በእግሯ ትሄዳለች፣ ወይም አትሄድም። እሱ ሥራውን እስኪጨርስ ትጠብቃለች፤ እሱ ቸኩሎ ከተመለሰ የእሷ ሥራ ግማሽ ላይ ይቀራል። ከዚያ የምዘና ጊዜ ሲመጣ "የመስክ ክትትል ዝቅተኛ" ተብሎ ይሞላባታል። የደረጃ ዕድገቱም በዚሁ ምክንያት አለፋት። ደብዳቤዋን እንዲህ ብላ ነው የጨረሰችው፦ "ቲቸር፣ እርስዎ ስለሚያውቁት ነው። ይሄ ነገር በእውነት ከአቅሜ በላይ ነው? እውነቱን ይንገሩኝ፣ አልከፋም።"

ሦስት ሳምንት መልስ አልሰጠኋትም። ምን እንደምላት ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። "ንጂ" ብያት አንድ ነገር ብትሆንስ? እኔ እዚህ ነኝ። ሄልሜቴ፣ ጃኬቴ፣ ቦቴና ጓንቴ ሲደመር የእሷ የብዙ ወር ደሞዝ ነው። መሪያችን ኪሷ ውስጥ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ በሳተላይት እርዳታ የሚጠራ መሣሪያ አለ። ብወድቅ ሄሊኮፕተር ይመጣል፤ ሂሳቡ ቢገድለኝም ውድቀቱ ላይገድለኝ ይችላል። እሷ ብትወድቅ? ቆላ መንገድ ላይ፣ በነጠላ ጫማ፣ በባዶ ራስ? ምክር ከሩቅ ቀላል ነው። ዳያስፖራ ምክር ሲሰጥ ስንት ጊዜ ተናድጃለሁ፣ አገር ቤት እያለሁ።

እናም ያን ሐሙስ ጥያቄዋን ይዤ ነው የወጣሁት።

ከኮሞ ትንሽ ከፍ ብለን ጠባብ ጥምዝ ያለበት ቦታ፣ ድንጋዩ የተፈታበት፣ ነርሷ ወደቀች። ፍጥነቷ የእግረኛ ነበር። የፊት ጎማዋ ልቅ ድንጋይ ላይ ወጣ፣ የፊት ፍሬን ነካች፣ ሞተሩ በግራ ጎኑ ተኛ። እሷ ቆማ ቀረች፣ ጭረት እንኳ የላትም። ሞተሯ ሆንዳ ነው፣ እሱም 200 ኪሎ ገደማ። እሷ 55 ኪሎ ብትሆን ነው።

ከላይ እየወረደ የነበረ ፒክአፕ ቆመ። ሁለት አዳኞች ነበሩ፣ የአደን ሰሞን ነው። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ሳይጠየቁ ወርደው ሞተሩን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ። መሪያችን እጇን ዘርግታ "እናመሰግናለን፣ እሷ ታነሳዋለች" አለቻቸው። ሰዎቹ ነርሷን አዩ፣ ሞተሩን አዩ፣ መሪያችንን አዩ። አንደኛው እጁን አጣምሮ ፒክአፑን ተደግፎ ቆመ፤ "እስቲ ጉድ እንይ" የሚለው አቋቋም በሁሉም አገር አንድ ነው።

ነርሷ ሞተሩን አጠፋች፣ ማርሽ ውስጥ አስገባችው እንዳይንሸራተት። መሪውን ወደ መሬቱ በኩል አጠፈችው። ጀርባዋን ለሞተሩ ሰጥታ መቀመጫው ላይ ዳሌዋን አሳርፋ ቁጢጥ አለች። አንድ እጇ መሪው ጫፍ ላይ፣ አንዱ ከኋላ እቃ መጫኛው ብረት ላይ። ከዚያ ወደ ኋላ መራመድ ጀመረች፣ ትንንሽ እርምጃ፣ በእግሯ ብቻ። ሞተሩ ተነሳ። በቃ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ይሄ ተአምር አይደለም፣ የ9ኛ ክፍል ሌቨር ነው። ሞተሩን ከመሬት ለይታ አላነሳችውም፤ ጎማው መሬት እንደነካ ነው፣ እሱ ላይ ነው የዞረው። መጀመሪያ ላይ ከክብደቱ ግማሽ ገደማ ነው የሚደርስባት፣ ቀና እያለ ሲሄድ እየቀነሰ ይመጣል። እሱንም የሚሸከመው ጭን ነው፣ ወገብ አይደለም። የወረዳዋ ያማሃ መቶ ኪሎ ገደማ ናት። ግማሽ ኩንታል። ተማሪዬ ከልጅነቷ 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ዳገት ስትወጣ ያደገች ልጅ ናት፤ ይሄን ራሷ ነግራኛለች፣ ጠዋት ክፍል አርፍዳ የምትመጣው በዚያ ነበር። ሴት ልጅ ውሃ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ "ብትወድቅ ማን ይጠየቃል?" ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

የፍሪሲዮኑ ማንሻ ተሰብሮ ነበር። በያጇ ከሻንጣዋ መለዋወጫ አወጣች፣ ከእኛ ሁሉ በላይ የተዘጋጀችው እሷ ናት፣ በ15 ደቂቃ ቀየረችው። አዳኞቹ እስኪያልቅ ቆመው አዩ። ሲሄዱ አንደኛው ለነርሷ ኮፍያውን አነሳላት። ነርሷ በአማርኛ "ኧረ ሂድ ወዲያ" አለችው፣ በፈገግታ።

ቦሪያስ ፓስ 3,500 ሜትር ነው። አየሩ ከባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ የእኔ 25 ፈረስ እዚያ ሲደርስ ወደ 16 ወርዷል። ፈረስም ያለከልካል። ላዩ ላይ በባቡሩ ዘመን የሐዲድ ሠራተኞች ይኖሩበት የነበረ የግንድ ቤት አለ። ከቤቱ ሥር ነፋስ ተከልለን ተቀመጥን። ከፔርሙስ ቡና ቀዳሁ፣ ዳቦ ቆሎ አዞርኩ። የከረኗ ልጅ ህምባሻ ነበራት። መሪያችን ዳቦ ቆሎውን አሁን በኪሎ ነው የምታዘኝ።

እህትማማቾቹ እንደ ልማዳቸው ስለ ቫን ቢዩረን እህቶች አነሱ። ለእነሱ ታቦት ናቸው። ታሪኩን ለማታውቁት፦ አውጉስታና አደሊን ቫን ቢዩረን የሚባሉ ሁለት የኒውዮርክ እህትማማቾች በ1916 እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ኢንዲያን ሞተር አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አቋረጡ። አስፋልት በሌለበት ዘመን ነው። ዓላማቸው ሴት በጦርነት ጊዜ በሞተር መልእክት ማድረስ እንደምትችል ለሠራዊቱ ማሳየት ነበር። በመንገዳቸው እዚሁ ኮሎራዶ ፓይክስ ፒክ ጫፍ ድረስ ወጡ፣ ከ4,300 ሜትር በላይ ነው፤ በሞተር እዚያ የወጡ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ናቸው። እዚሁ አገር ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ፖሊስ ያስቆማቸው ነበር። ምን አድርገው? የወንድ ሱሪ ለብሰው። ኋላ አደሊን ለሠራዊቱ አመለከተች፣ አልተቀበሏትም።

ታላቂቱ እህት ይሄን ስታወራ፣ ሁሌም እዚህ ጋ ስትደርስ ነው የምትናደደው፣ "አምስት ሺህ ማይል ነድተው!" ትላለች። እኔ ግን ያን ቀን ጆሮዬ ላይ የቀረው ሌላ ነገር ነው። እነዚያን ሴቶች "አትችሉም" ያላቸው የለም፤ መቻላቸውን ሁሉም ዐይቷል። የተባሉት "አይሆንም" ነው። ተማሪዬ የጠየቀችኝ ስለ መጀመሪያው ነው። የገጠማት ግን ሁለተኛው ነው። ለመጀመሪያው ፊዚክስ መልስ አለው። ለሁለተኛው የለውም፤ እሱ የወረቀት ጉዳይ ነው።

የቀረውን መንገድ ባጭሩ። ወደ ብሬከንሪጅ ስንወርድ አስፐኑ ግራና ቀኝ ተከፈተ። ቆምን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ያያችሁት ያ ነው። ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ ጎማ መንፋት፣ ከዚያ በ70 አውራ ጎዳና በአይዘንሃወር ዋሻ በኩል ወደ ቤት፣ በጭነት መኪና መሐል። እውነቱን ንገሪን ካላችሁኝ የቀኑ አደገኛ ክፍል እሱ ነበር። ኮረኮንቹ ላይ አንድም ጊዜ አልፈራሁም።

እናቴ ማታ ደወለች። ከሐዋሳ። ፎቶውን የጎረቤት ልጅ አሳይቷታል። "ስለ ማርያም ብለሽ ተዪው፣ ባልሽ ምን ይላል?" አለችኝ። ባሌ አጠገቤ ሰንሰለቱን እየቀባልኝ ነበር፤ ስልኩን ሰጠሁት። "እማማ፣ እኔም ፈርቼ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ" አላት። "አንተም ከእሷ ባስክ!" ብላ ዘጋችበት። በማግስቱ መልሳ ደውላ "ብርድ እንዳይመታሽ ደረትሽን ሸፍኚ" አለች። እንግዲህ እሺታ ማለት በእኛ ቤት ይሄ ነው።

አርብ ከፈረቃ ስመለስ ለተማሪዬ መልስ ጻፍኩ። ዋናውን እዚህ አኖረዋለሁ፣ ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ሌሎችም ስላላችሁ።

ከአቅምሽ በላይ አይደለም አልኳት፤ ከላይ የነገርኳችሁን ቁጥር ሁሉ አስቀመጥኩላት። ከዚያ ግን፣ ያለ ሄልሜት አንድ ሜትር እንዳትንቀሳቀሺ፣ ለቀበሌ ስብሰባም ቢሆን፣ ለሁለት ደቂቃም ቢሆን። ከነጠላ ጫማ ይልቅ የዝናብ ቦቲ ይሻላል። ለስድስት ወር ማንንም እንዳታፈናጥጪ፣ አለቃሽ ቢሆንም። ሳይመሽ ግቢ፤ ይሄ ስለ ሞተሩ አይደለም፣ መንገድ ላይ ስላለው ሰው ነው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። የምትሄጂበት ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስትነሺ ትወቅ፣ ስትደርሺም ትወቅ።

ስለ ቁልፉ ደግሞ አትለምኚ አልኳት። "እችላለሁ፣ እመኑኝ" አትበዪ። አንድ ጥያቄ ብቻ በጽሑፍ አቅርቢ፦ ወንድ ባልደረቦቼ ቁልፍ ሲሰጣቸው በምን መስፈርት ነው? እኔም በዚያው ልፈተን። መስፈርት ካለ ያሳዩሽ። ከሌለ፣ የለም ብለው ይጻፉ። ምዘናሽ ላይ "የመስክ ክትትል ዝቅተኛ" የተባለበትን ወረቀት ኮፒ አድርገሽ አያይዢው።

በሁለት ቀን መለሰችልኝ። "ቲቸር፣ እንደ ድሮው ነው የሚያስረዱት" ብላ ሳቀች፣ ቀጥላ ደግሞ "ፈርቻለሁ" አለች። የፈራችው ሞተሩን አይደለም፤ ደብዳቤውን ነው። "አስቸጋሪ ሠራተኛ" ተብሎ ፋይሏ ላይ እንዳይጻፍ። ይሄን ፍርሃት እኔ አላቃልለውም። የምትበላው ከዚያ ደሞዝ ነው፣ ታናናሾቿንም የምታስተምረው ከዚያው ነው። ቢከፋ እኔ ምን ላደርግላት እችላለሁ? ይሄንኑ ነገርኳት፣ ውሳኔው ያንቺ ነው አልኳት፣ ሌላ ሳምንት ዝም ተባባልን።

ባለፈው ማክሰኞ ፎቶ ላከች። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገቢ ሆኗል፣ ማኅተምና ቁጥር አለው። ፊርማዋን ሳየው የፈተና ወረቀቷ ላይ የነበረው ያው ነው፣ ጅራቱ ረጅም። መልስ እስከ ዛሬ የለም። እስከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ በጓደኛዋ ወንድም ሞተር ኳስ ሜዳ ላይ ትለማመዳለች። ቆሜ መንዳት ጀምሬያለሁ፣ ልጆች ተሰብስበው ያዩኛል አለችኝ። ሞተሩን አስተኝታ በጀርባዋ ማንሳትም ሞክራለች፤ ሁለተኛው ሙከራ ላይ ተነሳ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለሴቶቹ ይሄን ወሬ ዋትስአፕ ላይ ነግሬያቸው በዚያው ምሽት ተዋጡ። አንድ ሄልሜት ገዝተናል፣ አዲስ፣ ቁጥሩ ኤስ፤ የራሷን ልኬት በሜትር ለክታ ልካልኛለች። ቀለሙን የመረጠችው በያጇ ናት፣ ብርቱካናማ፣ ከሩቅ እንዲታይ። ጓንትና የጉልበት መከላከያም አለ። ሁሉም ተደምሮ ሦስት ኪሎ አይሞላም፣ ሄልሜቱ በእጅ ሻንጣ ይገባል፣ ውስጡም ባዶ ስለሆነ ካልሲያችሁን መክተት ትችላላችሁ። በፖስታ ልላክ ብዬ ጠይቄ የተነገረኝ ዋጋ ሁለተኛ ሄልሜት ይገዛል።

በጥቅምት ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ከዴንቨርም ሆነ ከዲሲ፣ እባካችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ዲሲ ድረስ እኔ አደርሳለሁ፣ የሚሄድ ሰው አለኝ። አዲስ አበባ ላይ እህቷ መጥታ ትቀበላለች፣ እናንተ የትም መሄድ የለባችሁም። ኮሜንት ላይ አትጻፉልኝ፣ ይጠፋብኛል።